የባሪዮኖችን ማግኔታዊ ሞመንት በሲሜትሪ ቡድኖች የማስላት መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ስለ ስፒንና ስለ ቀላል የእኩልታ አፈታት መሠረታዊ እውቀት ላለው፣ ነገር ግን የሲሜትሪ ቡድኖች በንዑስ አቶም ፊዚክስ ውስጥ ቁጥር የሚያስገኙት እንዴት እንደሆነ በእጁ ሠርቶ ለማየት ለሚፈልግ አንባቢ ነው። የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ተራ የሒሳብ ማሽን ብቻ ነው። ባሪዮኖች እንደ ፕሮቶንና ኒውትሮን ያሉ፣ ኳርክ ከሚባሉ ሦስት መሠረታዊ ቅንጣቶች የተሠሩ ቅንጣቶች ናቸው፤ ማግኔታዊ ሞመንት ደግሞ አንድ ቅንጣት እንደ ትንሽ ማግኔት ያለው ጥንካሬ ነው። ሥራው ሲጠናቀቅ ሠሪው የፕሮቶንንና የኒውትሮንን ማግኔታዊ ሞመንት ብቻ ይዞ የስድስት ሌሎች ባሪዮኖችን ሞመንት፣ ከዚያም አልፎ አንድ ባሪዮን ወደ ሌላ ሲለወጥ የሚታየውን የመለዋወጥ ሞመንት መጠን መተንበይ ይችላል።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ልማድ መያዝ ይገባል። ሲሜትሪ ብቻውን ልኬት አይሰጥም፤ የሚሰጠው በልኬቶች መካከል ያለ ዝምድናን ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ደረጃ የሚታከለውን ግምት በወረቀቱ ኅዳግ ላይ መጻፍና እያንዳንዱ ውጤት በየትኛው ግምት እንደተገኘ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ በመጨረሻ ትንበያና ልኬት ሳይገጥሙ ሲቀሩ የወደቀው የትኛው ግምት እንደሆነ መናገር አይቻልም።

ደረጃ 1፦ ልኬቶችን በአንድ አሃድ መሰብሰብ

ሁሉም ሞመንቶች በኑክሌር ማግኔቶን ይጻፉ። አንድ ኑክሌር ማግኔቶን የፕሮቶንን ቻርጅና መጠነ ቁስ የያዘ፣ ውስጣዊ ክፍል የሌለውና ስፒኑ ግማሽ የሆነ ቅንጣት በዲራክ እኩልታ መሠረት ሊኖረው የሚገባው ሞመንት ነው። በዚህ ስሌት የፕሮቶን ሞመንት 1፣ የኒውትሮን ደግሞ 0 መሆን ነበረበት። ኦቶ ስተርንና ባልደረቦቹ በ1933 በሐምቡርግ የፕሮቶንን ሞመንት ሲለኩ ግን ከተጠበቀው ከሁለት እጥፍ በላይ አገኙ፤ ፕሮቶን ውስጣዊ አካል እንዳለው ከጠቆሙት ቀዳሚ ምልክቶች አንዱም ይኸው ልኬት ነበር።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዛሬ የሚታወቁ ልኬቶች የሚከተሉት ናቸው፦ ፕሮቶን 2.793፣ ኒውትሮን −1.913፣ ላምዳ −0.613፣ ሲግማ ፕላስ 2.458፣ ሲግማ ማይነስ −1.160፣ ክሳይ ዜሮ −1.250፣ ክሳይ ማይነስ −0.651፣ ኦሜጋ ማይነስ −2.02። ሲግማ ዜሮ ወደ ላምዳና ወደ ፎቶን ሲለወጥ የሚለካው የመለዋወጥ ሞመንት በመጠኑ 1.61 ገደማ ነው። የሲግማ ዜሮ የራሱ ሞመንት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቅንጣቱ ከ10 ኃይል −19 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ብቻ ስለሚኖር በማግኔት መስክ ውስጥ ስፒኑ ሲዞር ለመከታተል ፋታ አይሰጥም። ላምዳ ግን ወደ 2.6 × 10 ኃይል −10 ሰከንድ ስለሚኖርና በከፍተኛ ፍጥነት ሲጓዝ ብዙ ሜትር ስለሚሄድ፣ የስፒኑን አቅጣጫ ከመበስበሱ በሚወጡት ቅንጣቶች አቅጣጫ ማንበብ ይቻላል።

የፕሮቶንንና የኒውትሮንን ቁጥሮች ለይተው በአንድ በኩል፣ ሌሎቹን በሌላ በኩል ያስቀምጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግብዓት ናቸው፤ የቀሩት መፈተኛ ስለሆኑ ስሌቱ እስኪያልቅ ባይታዩ ይመረጣል።

ደረጃ 2፦ ስምንቱን ባሪዮኖች በሥዕል ማስቀመጥ

መሬ ጌልማንና ዩቫል ኔማን በ1961 እያንዳንዳቸው በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ ስፒናቸው ግማሽ የሆነው ስምንት ቀላል ባሪዮኖች የኤስዩ 3 ቡድን (ሦስቱን የኳርክ ዓይነቶች እርስ በርስ የሚያዞሩ ለውጦች ስብስብ) አንድ ቤተሰብ፣ ማለትም ኦክቴት ናቸው። በወረቀቱ ላይ አግዳሚ መስመር ለአይሶስፒን (በቻርጅ የሚለያዩ ተመሳሳይ ቅንጣቶችን በአንድ ቤተሰብ የሚያስቀምጥ፣ እንደ ስፒን የሚሰላ ቁጥር) ሦስተኛ ክፍል፣ ቋሚ መስመር ደግሞ ለሃይፐርቻርጅ ይሣል። ሃይፐርቻርጅ የባሪዮን ቁጥርና የስትሬንጅነስ ድምር ነው፤ የባሪዮን ቁጥር ለስምንቱም 1 ሲሆን ስትሬንጅነስ በቅንጣቱ ውስጥ ያሉት ስትሬንጅ ኳርኮች ብዛት በኔጋቲቭ ምልክት ነው። ከላይ ኒውትሮንና ፕሮቶን፣ በመሃል ሲግማ ማይነስ፣ ሲግማ ዜሮና ሲግማ ፕላስ፣ ከሲግማ ዜሮ ጋር በአንድ ነጥብ ላይ ላምዳ፣ ከታች ክሳይ ማይነስና ክሳይ ዜሮ ይቀመጣሉ። ውጤቱ መሃሉ ላይ ሁለት ቅንጣት ያለው ስድስት ጎን ነው።

ቻርጅ ከሥዕሉ በቀጥታ ይነበባል፤ ከአይሶስፒን ሦስተኛ ክፍልና ከሃይፐርቻርጅ ግማሽ ድምር ጋር እኩል ነው። ለእያንዳንዱ ቅንጣት ይህን ማረጋገጥ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሥዕሉ የተሳሳተ ከሆነ ግን ቀጣዩ ሁሉ ስለሚበላሽ አይዘለል።

ደረጃ 3፦ ፎቶን የማይለየውን አቅጣጫ መፈለግ

የዚህ ሁሉ ሥራ እምብርት እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሮማግኔት መስተጋብር የኤስዩ 3ን ሲሜትሪ ይሰብራል፤ ምክንያቱም ለአፕ ኳርክ 2/3፣ ለዳውንና ለስትሬንጅ ኳርክ ደግሞ −1/3 ቻርጅ ስለሚሰጥ ሦስቱን በእኩል ዓይን አያይም። ሆኖም አሰባበሩ በዘፈቀደ አይደለም። ዳውንና ስትሬንጅ ቻርጃቸው አንድ በመሆኑ ሁለቱን እርስ በርስ የሚያዞር ንዑስ ቡድን ለፎቶን የማይታይ ሆኖ ይቀራል። ይህ ንዑስ ቡድን ዩ-ስፒን ይባላል። አሠራሩ ከአይሶስፒን ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ አይሶስፒን አፕንና ዳውንን ሲያዞር ዩ-ስፒን ዳውንንና ስትሬንጅን ማዞሩ ብቻ ነው።

በሥዕሉ ላይ እኩል ቻርጅ ያላቸውን ቅንጣቶች የሚያገናኙ መስመሮች ይሣሉ። ከአግዳሚው በ120 ዲግሪ ያጋደሉ መስመሮች ይወጣሉ፤ የዩ-ስፒን ቤተሰቦችም እነርሱው ናቸው። ፕሮቶንና ሲግማ ፕላስ አንድ ጥንድ ይሆናሉ። ሲግማ ማይነስና ክሳይ ማይነስ ሌላ ጥንድ ናቸው። በመሃል ኒውትሮን፣ የሲግማ ዜሮና የላምዳ አንድ ቅይጥ፣ እንዲሁም ክሳይ ዜሮ ሦስትዮሽ ይመሠርታሉ። የሲግማ ዜሮና የላምዳ ሌላኛው ቅይጥ ብቻውን የሚቆም ነው።

የቅይጡ መጠን ከ120 ዲግሪው ይወጣል። የዚህ ማዕዘን ኮሳይን −1/2፣ ሳይኑ የ3 ስኩዌር ሥር ግማሽ ስለሆነ፣ በሦስትዮሹ መሃል ያለው ቅይጥ አንድ አራተኛው ሲግማ ዜሮ፣ ሦስት አራተኛው ላምዳ ነው። ብቻውን በሚቆመው ቅይጥ ውስጥ ድርሻቸው ይገለበጣል። ብዙ ጀማሪዎች ሲግማ ዜሮን እንዳለ ወደ ሦስትዮሹ መሃል ያስገባሉ፤ ያኔ ላምዳን የሚመለከተው ውጤት ሁሉ ስሕተት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ እኩልታዎቹን መጻፍና መፍታት

አሁን ግምቱ በግልጽ ይጻፍ፦ ከኤሌክትሮማግኔት በስተቀር ሌላው ሁሉ የኤስዩ 3ን ሲሜትሪ ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል፤ የማግኔታዊ ሞመንት ኦፕሬተርም (ሞመንቱን በስሌቱ ውስጥ የሚወክለው የሒሳብ መሣሪያ) በቡድኑ ሥር የሚለወጠው ልክ እንደ ቻርጅ ነው። ከዚህ ሦስት ውጤቶች ይከተላሉ።

የመጀመሪያው፣ በአንድ የዩ-ስፒን ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ሞመንታቸው እኩል ነው። የፕሮቶን ሞመንት ፕ ከተባለ የሲግማ ፕላስም ፕ ነው። የኒውትሮን ን ከተባለ የክሳይ ዜሮና የመሃሉ ቅይጥ ሞመንትም ን ነው። የሲግማ ማይነስና የክሳይ ማይነስ ሞመንት በጋራ ሲ ይባል። ብቻውን የሚቆመው ቅይጥ ሞመንት ለጊዜው ስለማይታወቅ ሀ ይባል።

ሁለተኛው ከአይሶስፒን የሚመጣ ነው። በሲግማ ሦስትዮሽ ውስጥ ሞመንት ከቻርጅ ጋር በቀጥታ መስመር ስለሚለወጥ፣ ሲግማ ዜሮ የሲግማ ፕላስና የሲግማ ማይነስ አማካይ ነው፤ ማለትም (ፕ + ሲ) ÷ 2። በሌላ በኩል ከቅይጡ ድርሻ ሲታይ ሲግማ ዜሮ ን/4 + 3ሀ/4 ነው። ሁለቱ እኩል ሲደረጉ 2ፕ + 2ሲ = ን + 3ሀ ይሆናል።

ሦስተኛው፣ የሦስቱ ኳርኮች ቻርጅ ድምር ዜሮ በመሆኑ (2/3 − 1/3 − 1/3) የስምንቱ ሞመንቶች ድምርም ዜሮ ነው። ሲደመሩ 2ፕ + 2ሲ + 3ን + ሀ = 0 ይገኛል። እዚህ ላይ የላምዳና የሲግማ ዜሮ ድምር ከሁለቱ ቅይጦች ድምር ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለቱን እኩልታዎች በማጣመር መጀመሪያ ሀ = −ን፣ ቀጥሎም ሲ = −(ፕ + ን) ይወጣል። የቀረው መተካት ብቻ ነው። ላምዳ 3ን/4 + ሀ/4 ስለሆነ ን/2 ይሆናል፤ ሲግማ ዜሮ −ን/2 ይሆናል፤ ከሲግማ ዜሮ ወደ ላምዳ የሚደረገው መለዋወጥ ደግሞ በመጠኑ የ3 ስኩዌር ሥር ግማሽ ሲባዛ በን ነው። እነዚህን ዝምድናዎች በ1961 ያወጡት ሲድኒ ኮልማንና ሼልደን ግላሾ ናቸው። ኳርክ የሚባል ነገር ገና ሐሳብ ሆኖ ባልቀረበበት ጊዜ የተሠራ ሥራ መሆኑ የሲሜትሪን ጉልበት ያሳያል፤ እኛም እዚህ ኳርኮችን የጠቀስነው ለአነጋገር እንዲመች እንጂ ስሌቱ ስለሚፈልጋቸው አይደለም።

ደረጃ 5፦ ማወዳደርና የስሕተቱን ቅርጽ ማንበብ

ቁጥሮቹ ሲገቡ የሚገኘው እንዲህ ነው። ሲግማ ፕላስ 2.793 ይተነበያል፤ የተለካው 2.458 ነው። ላምዳ −0.957 ይተነበያል፤ የተለካው −0.613 ነው። ክሳይ ዜሮ −1.913 ሲተነበይ ልኬቱ −1.250 ነው። ሲግማ ማይነስና ክሳይ ማይነስ ሁለቱም −0.880 ሲተነበዩ፣ ልኬቱ ለመጀመሪያው −1.160፣ ለሁለተኛው −0.651 ነው። የመለዋወጡ ሞመንት 1.657 ሲተነበይ ልኬቱ 1.61 ነው።

ምልክቶቹ ሁሉም ትክክል ናቸው። መጠኖቹ ግን ለሲግማ ፕላስ በ14 በመቶ፣ ለላምዳና ለክሳይ ዜሮ ከ50 በመቶ በላይ በዝተዋል። ብዙ ሠሪ እዚህ ሲደርስ የስሕተቱን አማካይ አስልቶ ያልፋል፤ በእኔ አስተያየት ግን የሚጠቅመው አማካዩ ሳይሆን የስሕተቱ ቅርጽ ነው። በጣም የሳቱት ስትሬንጅ ኳርክ ዋናውን ድርሻ የያዘባቸው ላምዳና ክሳይ ዜሮ ናቸው፤ ስትሬንጅ ኳርክ በአማካይ ምንም በማይጨምርበት መለዋወጥ ላይ ግን ትንበያው ከልኬቱ የስሕተት ወሰን ውስጥ ነው። በጥርጣሬ ሊታይ የሚገባው ግምት ስለዚህ ታወቀ፦ ዳውንና ስትሬንጅ እኩል ናቸው የሚለው ነው።

ወደ እርሱ ከመሄድ በፊት ተመሳሳይ ዘዴ በመጠነ ቁስ ላይ ቢሞከር አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። በአንድ የዩ-ስፒን ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ቅንጣቶች ከኤሌክትሮማግኔት የሚያገኙት ተጨማሪ ጉልበት እኩል ስለሆነ፣ ከሲግማ ማይነስና ከሲግማ ፕላስ ልዩነት ላይ የክሳይ ማይነስና የክሳይ ዜሮ ልዩነት ሲቀነስ የኒውትሮንና የፕሮቶን ልዩነት መገኘት አለበት። በሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች መጠነ ቁስ በሚጻፍበት አሃድ) የመጀመሪያው 8.08፣ ሁለተኛው 6.85 ነው፤ ቀሪው 1.23 ይሆናል። የተለካው የኒውትሮንና የፕሮቶን ልዩነት 1.293 ነው። ሞመንቶቹ ላይ ከ50 በመቶ በላይ የሳተው ግምት እዚህ በ5 በመቶ ብቻ የሳተው፣ ስትሬንጅ ኳርክ የሚያመጣው ትልቁ የመጠነ ቁስ ጭማሪ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ ለሁለቱም ቅንጣቶች አንድ ዓይነት በመሆኑ በመቀነሱ ጊዜ ስለሚጠፋ ነው። የአፕና የዳውን የመጠነ ቁስ ልዩነትም በስሌቱ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ደረጃ ግምት ዝምድናውን አያፈርሰውም።

ደረጃ 6፦ ስፒንን ወደ ቡድኑ ማስገባት

እስካሁን የኒውትሮንና የፕሮቶን ሞመንት ሁለቱም ግብዓት ነበሩ፤ ኤስዩ 3 አንዱን ከሌላው አያወጣም። ይህን ለማድረግ ሦስቱን የኳርክ ዓይነቶችና ሁለቱን የስፒን አቅጣጫዎች በአንድ ላይ የሚያዞረው ኤስዩ 6 ያስፈልጋል። ፌዛ ጉርሰይና ሉዊጂ ራዲካቲ በ1964 ያቀረቡት ይህ ቡድን፣ ስፒናቸው ግማሽ የሆኑትን ስምንትና ስፒናቸው 3/2 የሆኑትን አሥር ባሪዮኖች 56 ሁኔታዎች ባሉት አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያጠቃልላቸዋል። ቁጥሩን ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ 8 × 2 + 10 × 4 = 56።

የቡድኑን ሙሉ ሒሳብ ሳይማሩ ውጤቱን ለማግኘት የሚከተለው መንገድ ይበቃል። ፕሮቶን ሁለት አፕና አንድ ዳውን ኳርክ አለው። ሁለቱ አፕ አንድ ዓይነት ስለሆኑ በስፒናቸው ሲሜትሪያዊ መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ጥምር ስፒናቸው 1 ነው። ስፒን 1ን ከዳውን ግማሽ ስፒን ጋር አዋሕዶ ወደ ላይ ያመለከተ ጠቅላላ ስፒን ግማሽ ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። በ2/3 ዕድል ሁለቱ አፕ ወደ ላይ፣ ዳውን ወደ ታች ያመለክታሉ። በ1/3 ዕድል የአፕ ጥንድ በዚያ አቅጣጫ ምንም ክፍል የለውም፤ ዳውን ብቻውን ወደ ላይ ያመለክታል። የአፕን ሞመንት አ፣ የዳውንን ዳ ካልን፣ የፕሮቶን ሞመንት (2/3)(2አ − ዳ) + (1/3)ዳ ነው፤ ሲጣራ (4አ − ዳ) ÷ 3 ይሆናል። ኒውትሮን አፕና ዳውን የተለዋወጡበት ስለሆነ (4ዳ − አ) ÷ 3 ነው።

ቀጥሎ አፕና ዳውን መጠነ ቁሳቸው እኩል ነው የሚል ግምት ይታከል። ያኔ ሞመንታቸው በቻርጃቸው ልክ ይሆናል፤ አ = −2ዳ። ሲተካ ፕሮቶን −3ዳ፣ ኒውትሮን 2ዳ ይሆናል፤ የኒውትሮን ለፕሮቶን ሬሾ −2/3 ወይም −0.667 ነው። የተለካው −0.685 ነው። ልዩነቱ ከ3 በመቶ እምብዛም አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ተጓዳኝ ፍተሻ መሥራት ጊዜ ማባከን አይደለም። ኳርክ ስፒኑ ግማሽ ስለሆነ በፓውሊ ሕግ መሠረት የሦስቱ ኳርኮች ሁኔታ በጠቅላላው ፀረ ሲሜትሪያዊ (ሁለቱ ሲለዋወጡ ምልክቱን የሚቀይር) መሆን አለበት፤ እኛ ግን ሁለቱን አፕ ሲሜትሪያዊ አድርገናቸዋል። ሕጉን በስፒኑ ብቻ ለማክበር ተሞክሮ ሁለቱ አፕ በስፒን 0 ቢጣመሩ ኖሮ የፕሮቶን ሞመንት ከዳ ጋር፣ የኒውትሮን ከአ ጋር እኩል ይሆን ነበር። ፕሮቶን ኔጋቲቭ፣ ኒውትሮን ፖዘቲቭ ሞመንት ይኖራቸው፣ ሬሾውም −2 ይሆን ነበር ማለት ነው፤ ተፈጥሮ ይህን በግልጽ ትቃወማለች። ፀረ ሲሜትሪው ስለዚህ በሌላ ቦታ መኖር አለበት፤ ያ ቦታ ዛሬ የኳርክ ቀለም የምንለው፣ ሦስት እሴት ያለው ባሕርይ ነው። ኦስካር ግሪንበርግ በ1964 ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን ሐሳብ አቅርቧል። የኃይለኛው መስተጋብር ሁሉ መሠረት የሆነ ነገር በሁለት ተራ የማግኔት ልኬቶች ሬሾ ውስጥ መነበቡ የዚህ ስሌት ትልቁ ውለታ ይመስለኛል።

ደረጃ 7፦ ሲሜትሪውን በልኩ መስበር

አሁን ደረጃ 5 የጠረጠረውን ግምት እንተወዋለን። ስትሬንጅ ኳርክ ከዳውን ጋር እኩል ነው ከማለት ይልቅ የራሱ ሞመንት ስ ይሰጠው። የስፒኑ አወቃቀር ግን ከኤስዩ 6 እንዳለ ይያዝ። ደንቡ ቀላል ነው፦ ተመሳሳይ የሆኑት ሁለት ኳርኮች በ4/3፣ ብቸኛው በ−1/3 ይገባሉ። ስለዚህ ሲግማ ፕላስ (4አ − ስ) ÷ 3፣ ሲግማ ማይነስ (4ዳ − ስ) ÷ 3፣ ክሳይ ዜሮ (4ስ − አ) ÷ 3፣ ክሳይ ማይነስ (4ስ − ዳ) ÷ 3 ይሆናሉ። በሲግማ ዜሮ ውስጥ አፕና ዳውን የጥንዱን ቦታ በእኩል ስለሚጋሩ (2አ + 2ዳ − ስ) ÷ 3 ይሆናል። በላምዳ ውስጥ አፕና ዳውን በስፒን 0 ስለተጣመሩ ሞመንቱ የስትሬንጅ ብቻ ነው፤ ማለትም ስ። በኦሜጋ ማይነስ ውስጥ ሦስቱም ስትሬንጅ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚያመለክቱ 3ስ ነው። የመለዋወጡ ሞመንት በመጠኑ (አ − ዳ) ሲካፈል በ3 ስኩዌር ሥር ነው።

ግብዓቶቹ አሁን ሦስት ሆነዋል፤ ላምዳ ከመፈተኛው ወገን ወደ ግብዓቱ ወገን ተሻግሯል። ይህን በኅዳጉ መጻፍ አይረሳ፤ ላምዳን በትክክል ተነበይን ብሎ መኩራት ከእንግዲህ አይቻልም። ከፕሮቶንና ከኒውትሮን አ = (4ፕ + ን) ÷ 5 = 1.852፣ ዳ = (4ን + ፕ) ÷ 5 = −0.972 ይወጣል። ስ በቀጥታ −0.613 ነው።

ትንበያዎቹ ሲሰሉ ሲግማ ፕላስ 2.67፣ ሲግማ ማይነስ −1.09፣ ክሳይ ዜሮ −1.43፣ ክሳይ ማይነስ −0.49፣ ኦሜጋ ማይነስ −1.84፣ የመለዋወጡ ሞመንት 1.63 ይሆናሉ። ሲግማ ማይነስ በተለይ ይታይ። በንጹሑ ኤስዩ 3 ከልኬቱ ያንስ የነበረው አሁን አድጓል፤ ስትሬንጅ በውስጡ በ−1/3 ስለሚገባ የስትሬንጅ ሞመንት ሲቀንስ የሲግማ ማይነስ ሞመንት መጠን ይጨምራልና። ኦሜጋ ማይነስም ሲሜትሪው ሳይሰበር −2.79 አካባቢ ይተነበይ ነበር፤ አሁን ከ−2.02 በ9 በመቶ ርቀት ላይ ቆሟል።

ከሞመንቶቹ የኳርኮችን መጠነ ቁስ ማውጣትም ይቻላል። የፕሮቶን መጠነ ቁስ 938.27 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት በኳርኩ ቻርጅ ተባዝቶ ለሞመንቱ ሲካፈል ለአፕ 338፣ ለዳውን 322፣ ለስትሬንጅ 510 ይገኛል። እነዚህ ባሪዮን ውስጥ ተጠቅልሎ የሚኖረው ኳርክ ውጤታዊ መጠነ ቁሶች እንጂ የኳርኮቹ የራሳቸው አይደሉም፤ የአፕና የዳውን የራሳቸው መጠነ ቁስ ጥቂት ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው። አፕ ከዳውን ከብዶ መውጣቱም እውነተኛው ቅደም ተከተል ሳይሆን ሞዴሉ ያላካተታቸው ነገሮች በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተሸሽገው የሚያሳዩት ምልክት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው አኃዝ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ስትሬንጅ ከሌሎቹ በ170 ወይም በ190 ገደማ መክበዱ ግን የባሪዮኖቹ መጠነ ቁስ በአንድ ስትሬንጅ ኳርክ ሲለያይ ከሚያሳየው ዕርከን ጋር ይቀራረባል፤ ይህን ዕርከን በዚህ ስሌት ውስጥ አላስገባነውም ነበር።

ደረጃ 8፦ በማስተካከል የማይድነውን ስሕተት መለየት

ብዙ ሠሪዎች እዚህ ሲደርሱ ሦስቱን ቁጥሮች ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለሁሉም ልኬቶች የሚስማማ እሴት ይፈልጋሉ። ይህ ከመደረጉ በፊት ማስተካከል የሚችለውና የማይችለው ተለይቶ መታወቅ አለበት። ለዚህ የሚረዳው ሁለት ትንበያዎችን ቀንሶ በልዩነታቸው ውስጥ ምን እንደቀረ ማየት ነው።

ክሳይ ማይነስና ላምዳ ይወሰዱ። በሞዴሉ መሠረት ከክሳይ ማይነስ ሞመንት ላይ የላምዳ ሲቀነስ (4ስ − ዳ) ÷ 3 − ስ ነው፤ ሲጣራ (ስ − ዳ) ÷ 3 ይሆናል። ሁለቱም ኳርኮች አንድ ዓይነት ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላላቸው፣ ስትሬንጅ ከዳውን እስከከበደ ድረስ የስትሬንጅ ሞመንት በመጠኑ ያነሰ ነው፤ ልዩነቱም ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ማለትም ክሳይ ማይነስ ከላምዳ ይልቅ ወደ ዜሮ የቀረበ ሞመንት ሊኖረው ይገባል። ልኬቱ ግን ለክሳይ ማይነስ −0.651፣ ለላምዳ −0.613 ነው። ልዩነቱ −0.038 ሲሆን የልኬቶቹ የስሕተት ወሰን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ ለላምዳ 0.004፣ ለክሳይ ማይነስ 0.0025።

ይህን ልኬት ለማግኘት ስትሬንጅ ከዳውን መቅለል ይኖርበታል፤ ያ ደግሞ ስትሬንጅነስ ያላቸው ባሪዮኖች ከፕሮቶን ለምን እንደሚከብዱ የሚያስረዳውን ሁሉ ይጻረራል። የሦስቱን ኳርኮች መጠነ ቁስ በማስተካከል ይህ ስሕተት ስለዚህ አይድንም። የሚወድቀው ሌላ ግምት ነው፦ የባሪዮኑ ሞመንት የሦስት ኳርኮች ስፒን ሞመንት ድምር ብቻ ነው፣ የእያንዳንዱ ኳርክ ሞመንትም በየትኛውም ባሪዮን ውስጥ አንድ ነው የሚለው። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ሰው የኳርኮቹን የምሕዋር እንቅስቃሴ፣ በባሪዮኑ ዙሪያ የሚወጡና የሚመለሱ ፓዮኖችን (ከአንድ ኳርክና ከአንድ ፀረ ኳርክ የተሠሩ ቀላል ቅንጣቶችን) ድርሻ፣ እንዲሁም ኳርኮች ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት ሲጓዙ የሚመጣውን እርማት ወደ ስሌቱ ማስገባት አለበት። ፓዮን ስፒኑ 0 ስለሆነ የራሱ ማግኔታዊ ሞመንት የለውም፤ ቻርጅ ያለው ፓዮን በምሕዋር ሲዞር ግን ለባሪዮኑ ሞመንት ይጨምራል። እነዚህ ሲገቡ የዩ-ስፒን ቤተሰቦች ሠንጠረዥ ከደረጃ 3 እንዳለ ያገለግላል፤ የሚለወጠው በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ የሚፈቀደው የልዩነት መጠን ብቻ ነው።